የልብ ምትን አስተካክሎ ሰው የገደለ መድኃኒት

«ጥናት አረጋገጠ» የሚል ዜና በየቀኑ ይደርሰናል። ምን ዓይነት ጥናት? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሕክምና ማስረጃ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ደረጃ አለው። ደረጃው ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት አንድ ታሪክ እንመልከት።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ፣ አገሩ አሜሪካ ነው። ከድንገተኛ የልብ ሕመም ከተረፉ ሰዎች መካከል ልባቸው ያለ ወቅቱ ተጨማሪ ምት የሚመታባቸው ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ እንደነበሩ ሐኪሞች ያውቁ ነበር። ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉት መድኃኒቶች ደግሞ ይህን ምት ያረጋጋሉ። ስለዚህ ምቱ ከተስተካከለ ሞቱም ይቀንሳል ተባለ። በመሣሪያው ላይ የምቱ መስተካከል በዓይን ይታያል። ይህን መድኃኒት ለግማሾቹ ሰጥቶ ግማሾቹን መንፈግ ነውር ነው ያሉም ነበሩ።

በ1987 «ካስት» የተባለው ጥናት ተጀመረ። መድኃኒቱ ምታቸውን እንደሚያረጋጋላቸው የታየላቸው ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ መድኃኒቱን፣ ገሚሱ መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ክኒን ወሰደ። በሚያዝያ 1989 ጥናቱ በእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ላይ እንዲቆም ተደረገ። በአማካይ በ10 ወር ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63ቱ ሞተው ነበር። አስመሳዩን ከወሰዱት 743 የሞቱት 26 ናቸው።

ታዲያ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች እንዴት አላዩትም? የልብ ሕመምተኛ በድንገት ሲሞት «ሕመሙ ገደለው» ይባላል። መድኃኒቱ ይግደለው ሕመሙ ከአንድ ሰው ሞት መለየት አይቻልም። የሚለየው ተመሳሳይ ሰዎችን ጎን ለጎን አድርጎ ሲቆጥሩ ብቻ ነው። ዕጣው ያስፈለገውም ጠንካራውን ወደ አንድ ወገን፣ ደካማውን ወደ ሌላው መርጦ የሚመድብ እጅ እንዳይኖር ነው።

ካስት በእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ላይ ከመቆሙ 10 ዓመት ቀድሞ፣ በ1979፣ አንድ የካናዳ የባለሙያዎች ቡድን ማስረጃን በደረጃ ከፍሎ ነበር። ከላይ በዕጣ የተከፈለ ጥናት፣ ቀጥሎ ያለ ዕጣ የተደረገ ንጽጽር፣ ከሁሉ በታች ደግሞ የተከበሩ ባለሙያዎች አስተያየት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው ነው።

ይህ ማለት ሐኪም አይሰማ ማለት አይደለም። የሐኪሙም ምክር የሚጸናው በመረጃው ጥንካሬ ልክ ነው ለማለት ነው። እንግዲህ «ጥናት አረጋገጠ» ሲሏችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከማን ጋር ተነጻጸረ? ማን ከፈላቸው? የተለካውስ የልብ ምት ነው ወይስ ዕድሜ?