የባምበርግ ቅርጫት ኳስ፦ የአንዲት ትንሽ ከተማ ክለብ ታሪክ

ባምበርግ በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ በሬግኒትስ ወንዝ ግራና ቀኝ የተቆረቆረች ጥንታዊ ከተማ ናት። ንጉሥ ሃይንሪሽ 2ኛ በ1007 የጳጳስ መንበር ካቋቋመባት ወዲህ በካቴድራሏና በቢራ ጠመቃዋ ስትታወቅ ኖራለች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሮጌው ክፍሏ በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነዋሪዎቿ ዛሬም 80 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ይህችው ከተማ ከ2005 እስከ 2017 ባሉት 13 የውድድር ዘመናት ዘጠኝ ጊዜ የጀርመን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን ሆናለች። በርሊንና ሙኒክን የመሰሉ ታላላቅ ከተሞች ባሉበት አገር ይህ በአጋጣሚ የሚገኝ ውጤት አይደለም፤ መሠረቱ ከመጀመሪያው ሻምፒዮንነት ግማሽ ምዕተ ዓመት አስቀድሞ የተጣለ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ቅርጫት ኳስ በጀርመን እምብዛም የማይታወቅ ጨዋታ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ባቫሪያና አጎራባች አካባቢዎች በአሜሪካ ጦር አስተዳደር ሥር ዋሉ፤ ወታደሮቹም በየጦር ሰፈሩ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሠርተው ይጫወቱ ጀመር። በኋላ በጀርመን ቅርጫት ኳስ ስማቸው የገነነው ቩርዝቡርግ፣ ጊሰን፣ ሃይደልበርግና ባምበርግ ሁሉም አሜሪካውያን የሰፈሩባቸው ከተሞች መሆናቸው በዚህ ምክንያት ነው። ባምበርግ የነበረው ዋርነር የጦር ሰፈር እስከ 2014 ድረስ ሳይዘጋ ቆይቷል። የከተማዋ ልጆች ለሁለት ትውልድ ያህል ጨዋታውን ያሳደጉት ሰዎች ጎረቤት ሆነው አድገዋል ማለት ነው።

የጀርመን የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በ1949 ተመሠረተ። በ1955 ደግሞ ኤፍሲ ባምበርግ የተባለው የከተማዋ የእግር ኳስ ክለብ በሥሩ የቅርጫት ኳስ ክፍል አቋቋመ። በጀርመን የተለመደው አሠራር ይኸው ነው፤ አንድ ክለብ በአባላት መዋጮ እየተዳደረ ልዩ ልዩ ስፖርቶችን በየክፍሉ ያካሂዳል። ዛሬ በአውሮፓ የሚታወቀው የባምበርግ ፕሮፌሽናል ክለብ የተወለደው ከዚህ ክፍል ነው።

የቅርጫት ኳስ ቡንደስሊጋ በ1966 ሲጀመር ክለቦቹ በሰሜንና በደቡብ ምድብ ተከፍለው ነበር የሚወዳደሩት። ባምበርግ በ1970 ወደዚህ ሊግ አደገ። በ1975 ሁለቱ ምድቦች ተጠቃለው አሥር ቡድኖች ብቻ ያሉት አንድ ሊግ በመቋቋሙ ለትናንሽ ከተሞች ቦታው ጠበበ። ባምበርግም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከዋናው ሊግ እየወረደ እንደገና ሲያድግ ቆየ። ሆኖም የከተማዋ ሕዝብ በእነዚህ ዓመታት ቡድኑን አልተወም። ጠባቡ የጆን ኤፍ ኬኔዲ አዳራሽ የከተማዋ የስፖርት ማዕከል የሆነው ያኔ ነው።

በ1988 የቅርጫት ኳሱ ክፍል ከእናት ክለቡ ተለይቶ ራሱን ችሎ ቆመ፤ ቴቴኤል ከተባለው ስፖንሰሩም ስሙን ወሰደ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 2023 ድረስ የክለቡ ስም ከስፖንሰሩ ጋር ሲቀያየር ኖሯል፤ ቴኤስካ ዩኒቬርሳ፣ ጌሃፔ፣ በመጨረሻም ብሮዘ ተብሏል። ትልቅ የቴሌቪዥን ገቢ በሌለው ሊግ ውስጥ አንድ የትንሽ ከተማ ክለብ ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው በአካባቢው ድርጅቶች ገንዘብና በመግቢያ ትኬት ነው። ራሱን ከቻለ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ባምበርግ የጀርመንን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ በማንሳት የመጀመሪያውን ታላቅ ድል አገኘ። በዚያ ዘመን ሊጉን የተቆጣጠረው ግን ባየር ሌቨርኩዘን ነበር፤ በአሰልጣኝ ዲርክ ባወርማን እየተመራ ከ1990 እስከ 1996 በተከታታይ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል።

የባምበርግን ታሪክ የለወጠው 2001 ነው። በዚያ ዓመት ፎረም ባምበርግ የተባለው አዲስ አዳራሽ ተከፈተ፤ ባወርማንም ወደ ከተማዋ መጣ። አዳራሹ ኋላ ተስፋፍቶ ከ6 ሺህ በላይ ተመልካች መያዝ ቻለ፤ ይህም ከከተማዋ ነዋሪዎች ከአሥራ ሦስቱ አንዱን ሊያስቀምጥ ይችላል እንደማለት ነው። ባወርማን በበኩሉ ጠንካራ መከላከልንና ጥብቅ ሥርዓትን የሚያስቀድም አሰልጣኝ ነበር። በዚያ ዘመን በጀርመን ሊግ የዙር ውድድሩ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቡድኖች በፕሌይኦፍ ይጋጠሙ ነበር። ባምበርግ በ2003 ለፍጻሜ ደርሶ በአልባ በርሊን፣ በ2004 ደግሞ በፍራንክፈርት ስካይላይነርስ ተሸነፈ። በ2005 ከፍራንክፈርት ጋር በድጋሚ ተገናኝቶ 3 ለ 2 በማሸነፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ሻምፒዮንነት ተቀዳጀ።

ድሉ ለባምበርግ የዩሮሊግን በር ከፈተላት። ክለቡ በ2005/06 በአውሮፓ ከፍተኛው ውድድር ተሳትፎ ከምርጥ 16ቱ ቡድኖች አንዱ ለመሆን በቃ። ባወርማን በዚሁ ዘመን የጀርመን ብሔራዊ ቡድንንም ደርቦ ያሰለጥን ነበር፤ ዲርክ ኖቪትስኪ የመራው ይህ ቡድን በ2005 የአውሮፓ ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። ኖቪትስኪ ራሱ የተወለደው ከባምበርግ ብዙም በማትርቀው ቩርዝቡርግ ነው።

በ2006 ብሮዘ የተባለው የመኪና ዕቃ አምራች ኩባንያ ስሙን ለክለቡ ሰጠ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአቅራቢያዋ በኮቡርግ የሚገኝ የቤተሰብ ድርጅት ሲሆን፣ ባለቤቱ ሚሻኤል ሽቶሼክ ክለቡን ለዓመታት ደግፏል። በቀጣዩ ዓመት ባምበርግ ለሁለተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በፍጻሜው የተሸነፈው አርትላንድ ድራጎንስ ከባምበርግም እጅግ ያነሰች፣ 13 ሺህ ገደማ ነዋሪዎች ያሏት የኳከንብሩክ ከተማ ክለብ ነበር። በጀርመን ቅርጫት ኳስ ትናንሽ ከተሞች ምን ያህል ቦታ እንዳላቸው ከዚህ ፍጻሜ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

የኳከንብሩኩ አሰልጣኝ አሜሪካዊው ክሪስ ፍሌሚንግ ነበር። ባወርማን በ2008 ሲለቅ የባምበርግ አመራር ቦታውን ለእሱ ሰጠው። ፍሌሚንግ ከረጅም ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ከቮልፍጋንግ ሃይደር ጋር የገነባው ቡድን ከ2010 እስከ 2013 ሊጉን በተከታታይ አራት ጊዜ አሸነፈ። በ2010፣ በ2011 እና በ2012 የጥሎ ማለፉንም ዋንጫ አክሎ በመውሰድ ሦስት ጊዜ ድርብ ባለድል ሆነ። ቀድሞ በኤንቢኤ የተጫወተው ኬሲ ጃኮብሰን በ2007 ከባምበርግ ጋር ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ2009 ወደ ክለቡ ተመልሶ የተጫዋችነት ዘመኑን እዚያው ጨርሷል። በ2011/12 በባምበርግ የተጫወተው ፒጄ ታከር ከዚያ ወደ ኤንቢኤ ተመልሶ በ2021 ከሚልዋኪ ባክስ ጋር ሻምፒዮን ሆኗል። ለባምበርግ ሁነኛው ዘዴ ይህ ነበር፤ ዋጋቸው ገና ያልናረ ተጫዋቾችን ቀድሞ ማየት፣ መቅረጽና በእነሱ ማሸነፍ።

ሌላው የጥንካሬው ምንጭ በዙሪያው ያሉት መንደሮች ናቸው። ከከተማዋ በስተ ሰሜን የሚገኙት ብራይተንጉስባህና ባውናህ ጥቂት ሺህ ነዋሪዎች ብቻ ያሏቸው ቦታዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱም ለባምበርግ ወጣት ተጫዋቾችን የሚያዘጋጁ አጋር ክለቦች ነበሯቸው። ወጣቱ በመንደሩ ክለብ ከጎልማሶች ጋር በዝቅተኛ ሊግ እየተጫወተ ይበስላል፤ ሲደርስ ወደ ዋናው ቡድን ይገባል። ሊጉ ከአንድ ቡድን 12 ተጫዋቾች ቢያንስ 6ቱ ጀርመናውያን እንዲሆኑ ከደነገገ በኋላ ይህ አሠራር ይበልጥ ጠቀመ። በ2023 የዓለም ዋንጫን ባነሳው የጀርመን ብሔራዊ ቡድን ውስጥ የነበሩት ዳንኤል ታይስና ማኦዶ ሎ በባምበርግ ተጫውተዋል፤ ዮሃነስ ቲማን ደግሞ በባውናህ በኩል ያለፈ ነው።

ደጋፊዎቹም የታሪኩ አካል ናቸው። በግጥሚያ ቀን በአዳራሹ የሚሰማው ጩኸት ለተጋጣሚ ከባድ በመሆኑ ከተማዋ በስፖርት ወዳጆች ዘንድ «ፍሪክ ሲቲ» የሚል ቅጽል ስም አትርፋለች። በትልልቅ ከተሞች ቅርጫት ኳስ በእግር ኳስ ጥላ ሥር ይውላል። በባምበርግ ግን ከፍተኛ የእግር ኳስ ክለብ ባለመኖሩ ተመልካቹም፣ ጋዜጣውም፣ የነጋዴው ገንዘብም ወደ ቅርጫት ኳሱ ያዘነብላል። ከተማዋ ከበርሊን ጋር እኩል መቆም የቻለችው ሁሉም በአንድ ቡድን ዙሪያ በመሰባሰቡ ነው።

በ2011 ባየርን ሙኒክ የቅርጫት ኳስ ቡድኑን ወደ ቡንደስሊጋ መለሰ፤ ያሳደገውም ባወርማን ነበር። ከእግር ኳሱ የመጣ ስምና ገንዘብ ያለው ተፎካካሪ በዚያው በባቫሪያ ተነሣ። በ2014 ባምበርግ በሩብ ፍጻሜው በአርትላንድ ድራጎንስ ተሸንፎ ሲወጣ ሻምፒዮን የሆነው ባየርን ነው። ፍሌሚንግና ሃይደርም በዚያው ዓመት ለቀቁ። በፍሌሚንግ ምትክ የመጣው ጣሊያናዊ አሰልጣኝ አንድሬያ ትሪንኪዬሪ ቡድኑን እንደ አዲስ አዋቀረ። በ2015 ባየርንን በፍጻሜ 3 ለ 2 አሸነፈ፤ በ2016 ኡልምን፣ በ2017 ኦልደንበርግን 3 ለ 0 ረትቶ የክለቡን ዘጠነኛ ሻምፒዮንነት አስመዘገበ። በ2017 የጥሎ ማለፉም ዋንጫ የባምበርግ ነበር።

ይሁን እንጂ ስኬቱ የራሱን ችግር አስከተለ። ጎልተው የወጡት ተጫዋቾች ከፍ ያለ ደመወዝ ወደሚከፍሉ ክለቦች ሄዱ፤ ጣሊያናዊው ኒኮሎ ሜሊ ወደ ፌነርባህቼ፣ ታይስ ወደ ቦስተን ሴልቲክስ። ትሪንኪዬሪ በየካቲት 2018 ተሰናበተ። በ2019 ባምበርግ በገዛ አዳራሹ አልባ በርሊንን 83 ለ 82 በማሸነፍ ስድስተኛውን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አነሳ፤ አሸናፊዋን ባለሦስት ነጥብ ያስቆጠረው ግሪካዊው ኒኮስ ዚሲስ ነው። በዚያው የውድድር ዘመን በአውሮፓ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮንስ ሊግ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ የብሮዘ ድጋፍ እየቀነሰ ሄደ፤ ክለቡም ከዋና ዋናዎቹ የሻምፒዮንነት ተፎካካሪዎች ጎራ ወጣ። በአንድ ኩባንያ ላይ ተመርኩዞ መኖር ያለው አደጋ ለጀርመን ክለቦች አዲስ ነገር አልነበረም። አርትላንድ ድራጎንስ በ2015 ዋና ደጋፊው ሲለቅ ከቡንደስሊጋ ለመውጣት ተገዷል። ባምበርግ ግን በደጋፊዎቹ ብዛት፣ በአዳራሹና በወጣት ማፍሪያ ሥርዓቱ በመደገፉ በሊጉ ጸንቶ ቆየ። በ2023 የብሮዘን ስም ትቶ ባምበርግ ባስኬትስ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት በሻምፒዮንነቱ ዘመን ለክለቡ የተጫወተው አንቶን ጋቬል አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። በየካቲት 2025 ቡድኑ በእሱ መሪነት ለጥሎ ማለፍ ፍጻሜ ደርሶ፣ 40 ሺህ ገደማ ነዋሪዎች ባሏት በቫይሰንፌልስ ክለብ በሚተልዶይቸር ቤሴ ተሸነፈ። ዋንጫው ወደ ምሥራቅ ጀርመን ቢሄድም፣ በርሊንና ሙኒክ ባሉበት ሊግ የዚያ ዓመት ፍጻሜ የሁለት ትናንሽ ከተሞች ግጥሚያ ሆኖ ተመዝግቧል።