«ጃክ» የተባለው የእንግሊዝ ስም አመጣጥና አገልግሎት

ስም ማለት አንዱን ሰው ከሌላው ለይቶ መጥሪያ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ስም እጅግ ብዙ ሰው ሲጠራበት የመለየት ኀይሉን ያጣና ለሌላ አገልግሎት ይውላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጕዳይ «ጃክ» በተባለው የእንግሊዝ ስም እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የስሙን ምንጭ እንመርምር። «ጃክ» በድምፁ የፈረንሳዩን «ዣክ» ስለሚመስል፣ «ዣክ»ም ያዕቆብ ማለት ስለ ሆነ፣ ብዙዎች ሁለቱን አንድ ሥር ይሰጧቸው ነበር። ነገር ግን በኦክስፎርድ የቦድሊ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበረው ኤድዋርድ ኒኮልሰን በ1892 ባሳተመው ጥናት «ጃክ» የ«ጆን» የቍልምጫ ስም መሆኑን አስረዳ። በእርሱ አስተያየት «ጃን» ከሚለው ቃል ላይ ከፍላንድርስ አገር የመጣው «ኪን» የተባለው የማሳነሻ ቅጥያ ተጨምሮ «ጃንኪን» ሆነ፤ ከዚያም «ጃኪን»፣ በመጨረሻም «ጃክ» ተባለ። «ጆን» ደግሞ በዕብራይስጥ ዮሐናን፣ በእኛ ዘንድ ዮሐንስ የሚባለው ስም ነው። ስለዚህ ሁለት ቃላት በድምፅ ስለ ተመሳሰሉ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው ማለት አይቻልም።

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት ጆን የሚለው ስም በአገሩ እምብዛም አይገኝም ነበር። በዐሥራ አራተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ግን ከሦስት ወይም ከአራት ወንዶች አንዱ ያህል በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ከዚህም የተነሣ ጌቶች ስሙን የማያውቁትን አሽከር፣ እረኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ሁሉ «ጃክ» ብለው መጥራት ለመዱ። የቍልምጫው ስም የዝቅተኛ ሰው ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ይህ ስም በታሪክ ጐልቶ የታየው በ1381 በተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ጊዜ ነው። በ1348 የገባው ታላቅ ቸነፈር የሕዝቡን ሲሶ ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ስለ ፈጀ የሠራተኛ ዋጋ ወደደ፤ መንግሥት ግን በ1351 ባወጣው ሕግ ደመወዝ እንዳይጨምር ከለከለ። በዚህ ላይ ከ1377 ጀምሮ ሦስት ጊዜ የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ። ሦስተኛው ግብር ሲጠየቅ በኤሴክስና በኬንት ያሉ ገበሬዎች ተነሥተው ወደ ሎንዶን ዘመቱ። የሌስተሩ ገዳም ሰው ሄንሪ ናይተን በዜና መዋዕሉ ውስጥ የዐመፀኞቹን መልእክቶች መዝግቧል። መልእክቶቹ የወጡት በጃክ ወፍጮኛው፣ በጃክ ጋሪ ነጂውና በጃክ እውነተኛው ስም ነው። ጌቶች በንቀት የሚጠሩበትን ስም ገበሬዎቹ ራሳቸው ማኅተማቸው አደረጉት።

ለምን ይህን ስም መረጡ? እኛ እንደሚመስለን፣ የሁሉም ስም የማንም ስም ስላልሆነ ነው። ዳኛ ጃክ ወፍጮኛውን ያዙልኝ ቢል በየመንደሩ አንድ ጃክ፣ በየወንዙም አንድ ወፍጮኛ አይጠፋም። ስሙ ጋሻ ሆነላቸው ማለት ነው። ነገር ግን ይኸው ጋሻ እነርሱን ከእኛም ሰውሯቸዋል። ከመሪዎቹ አንዱ ነበር የሚባለው ጃክ ስትሮ ራሱን የቻለ ሰው ይሁን ወይም የሌላ መሪ ቅጽል ስም፣ የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የተሰቀለው ቄስ ጆን ቦል ግን በራሱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል።

ከዐመፁ በኋላም ስሙ መስፋፋቱን አላቋረጠም። መርከበኛው «ጃክ» ተባለ። በመርከብ አፍንጫ ላይ የሚሰቀለውም አነስተኛ ሰንደቅ በዚሁ ስም ተጠራ። ቀጥሎም ስሙ ወደ ዕቃ ተሻገረ። ሥጋ የተሰካበትን ዘንግ በእሳት ላይ የሚያዞረው መሣሪያ፣ ቦት ጫማ የሚያወልቀው እንጨት፣ እኛ ክሪክ የምንለው የመኪና ማንሻ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ «ጃክ» ናቸው። ዘንግ ማዞርና ጫማ ማውለቅ ቀድሞ የአሽከር ሥራ ነበር። አሽከሩ ቀርቶ መሣሪያ ሲተካ ስሙ ከሥራው ጋራ ተላለፈ። በካርታ ጨዋታም ከንግሥቲቱ ቀጥሎ ያለው ሥዕል «ጃክ» ይባላል፤ ይህ አጠራር ግን ከጨዋ ሰው የማይጠበቅ ነበር። ቻርልስ ዲከንስ በ1861 ባስጨረሰው «ታላላቅ ተስፋዎች» በተባለው ልቦለዱ፣ በቀጥቃጭ ቤት ያደገውን ልጅ አንዲት ኰረዳ የምትስቅበት ይህንኑ ቃል በመናገሩ ነው።

በተረትም ቢሆን ጃክ አለ። «ሰነፉ ጃክ» በተባለው ተረት ልጁ እናቱ ስለ ትናንቱ ዕቃ የሰጠችውን ምክር ዛሬ ለተሰጠው ለሌላ ዕቃ እያዋለ ሁሉን ያበላሻል። ይህ ከእኛው ከማሞ ቂሎ ጋራ ምን ያህል እንደሚመሳሰል አንባቢ ይፈርዳል። «ማሞ»ም ቢሆን ትንሽ ወንድ ልጅ ሁሉ በቍልምጫ የሚጠራበት ስም ነው።

እንግዲህ «ጃክ» የሚለውን ቃል ስንከተል የደረስንባቸው ሰዎች ቤተ መንግሥት ያልሠሩ፣ ሐውልት ያልቆመላቸው፣ አብዛኞቹም ጽሕፈት የማያውቁ ነበሩ። ዜና መዋዕል የሚጽፉት ሌሎች ስለ ነበሩ፣ የጻፉትም ብዙ ጊዜ በጥላቻ ነው። ቃሉ ግን የደከሙበትን ሥራ፣ የደረሰባቸውን ንቀትና አንድ ጊዜ የተነሡበትን ቀን ይዞ ቈይቷል። የታሪክ ተማሪ የነገሥታትን ስም ዝርዝር እንደሚያጠና ሁሉ፣ ስማቸው ተለይቶ ያልተጻፈላቸውን ሰዎች የጋራ ስም ቢመረምር ከሥራው አይወጣም እንላለን።