ውል መሳት

«ድኅረ ቀዶ ሕክምና የአእምሮ መቃወስ» የሚል ሐረግ ወደ አማርኛችን እየገባ ነው። ሐኪሞች ዴሊሪየም ለሚሉት ነገር የቀረበ ትርጉም ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያስኬዳል፤ አልጋ አጠገብ ሲነገር ግን ይጎዳል። የሰባ ስምንት ዓመት እናቷ የዳሌ ስብራት የተሠራላቸው ልጅ «እናትሽ የአእምሮ መቃወስ ደርሶባቸዋል» ስትባል የምትሰማው አንድ ነገር ነው፤ እናቴ አበደች። «መቃወስ» እና «ቀወስ» በጆሮ አንድ ቤት ያደሩ ቃላት ናቸው፤ ቀወስ ደግሞ ስድብ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያልፍ የሚችልን ሁኔታ እንዲህ ባለ ስም መጥራት በታማሚዋም በቤተሰቧም ላይ የሚቀር ነውር መለጠፍ ነው።

ነገሩን ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተነዋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ድንገት ያለበት ቦታ ይጠፋዋል፣ ወሬው አይያያዝም፣ የሞተ ወንድሙን ይጠራል፣ የተሰካለትን ይነቅላል። ጠዋት ደኅና ይሆንና ማታ ይብስበታል። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሻሮን ኢኖዬና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት መለያ ሁለት ምልክቶች የግድ መኖር አለባቸው፦ በድንገት መጥቶ ከፍ ዝቅ ማለቱና ትኩረት መጥፋቱ። ከእነዚህ ጋር የሐሳብ መበታተን ወይም የንቃት መለወጥ ከታየ ዴሊሪየም ነው።

ለዚህ አማርኛ ቃል አላጣም፤ እንዲያውም ተትረፍርፎበታል። መጀመሪያ የሚመጣው «መቃዠት» ነው። ወባ የያዘው ሰው ሌሊቱን ሲለፈልፍ ካደረ «ሲቃዥ አደረ» እንላለን፤ ይህ ከዴሊሪየም ጋር ፊት ለፊት የሚገጥም ነው። ለረጅም ጊዜም የእኔ ምርጫ እሱ ነበር። ሁለት ነገሮች አስተዉኝ። አንደኛ፣ ቅዠት ዛሬ በአብዛኛው የክፉ ሕልም ስም ሆኗል። ሁለተኛውና ከባዱ ግን፣ መቃዠት የሚለፈልፈውን ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ዝም ብሎ የተኛ፣ ሲጠሩት ዘግይቶ የሚያይ፣ ምግቡን ረስቶ ግድግዳ ላይ የሚያፈጥ ዴሊሪየምም አለ። እንዲያውም ሳይታወቅ የሚያልፈው ይኼኛው ነው፤ «አርፈዋል፣ ተኝተዋል» ይባልና ይታለፋል። «መቀባዠር» እና «መዘባረቅ» የዚሁ ጉድለት አለባቸው፤ ሁለቱም ከንግግር አልፈው አይሄዱም። «መንሆለል» በተቃራኒው ለዝምተኛው ይስማማና ነውጠኛውን ይተዋል።

«ልብ መሳት» የሚለውን በቀላሉ መጣል አልቻልኩም። አማርኛ አስተውሎትን የሚያስቀምጠው ልብ ላይ ነው፤ «ልብ በል» ማለት ትኩረትህን ስጥ ማለት ነው፣ የዴሊሪየምም ዋና ምልክት የትኩረት መጥፋት ነው። ዳሩ ግን ልቡን ሳተ ስንል ራሱን ስቶ ወደቀ ማለታችን ነው። ደግሞ የልብ ቀዶ ሕክምና በተሠራለት ሰው ቤተሰብ ፊት «ልብ ስተዋል» ማለት ሌላ ድንጋጤ መፍጠር ነው።

ሕዝቡ በራሱ የሚጠቀምበት አባባልም አለ፦ «ማደንዘዣው ገና አልለቀቃቸውም»። ከዚህ ተነሥቶ «የሰመመን ስካር» ማለት ይቻል ነበር፤ ለጆሮም ያምራል። ግን ያላጠፋውን ይከሳል። ሬጌይን የተባለው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም፣ የዳሌ ስብራት የደረሰባቸውን 1,600 ሰዎች ከፍሎ ገሚሱን በወገብ በሚሰጥ ማደንዘዣ፣ ገሚሱን በሙሉ ሰመመን አሠርቶ ነበር። ዴሊሪየም በመጀመሪያዎቹ 20.5 በመቶ፣ በሁለተኛዎቹ 19.7 በመቶ ላይ ታየ፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። በቻይና 950 አረጋውያን ላይ የተሠራው ራጋ የተባለው ጥናትም በማግስቱ ዓመት ወጥቶ ያንኑ አሳየ። ከእነሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በሴንት ሉዊስ 1,232 ሰዎች ላይ የተሠራው ኢንጌጅስ የአንጎልን ሞገድ እየተከታተሉ ሰመመኑን ማቅለል ዴሊሪየምን እንደማይቀንስ አሳይቷል፦ 26 በመቶ ከክትትል ጋር፣ 23 በመቶ ያለ ክትትል። ስለዚህ ስሙን ከማደንዘዣ ጋር ማሰር ምርምሩ ያፈረሰውን እምነት በቋንቋ መልሶ መገንባት ነው። የሚረዳው ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ መነጽርና የመስሚያ መርጃ ቶሎ መመለስ፣ የሌሊት እንቅልፍ አለመቁረጥ፣ ቶሎ ማስነሣት፣ ውኃ፣ የሚያውቁት ፊት።

ወደ ቃሉ ሥር ልመለስ። ዴሊሪየም ላቲን ነው፤ ከትልም መውጣት ማለት ነው። በሬው ቦዩን ትቶ ሲሄድ ማለት። ይህን ሳነብ ብድግ አልኩ፤ በሬና ሞፈር የኛም ነው፣ ትልምም የኛ ቃል ነው። «ትልም መሳት» ብንል ሮማውያንን በገዛ እርሻችን ላይ ማግኘት ነበር። ነገር ግን ለዛሬው ከተሜ ትልም ዕቅድ ነው፤ «ትልም ስተዋል» ቢሉት የሥራ ዕቅድ የተጓደለ ይመስለዋል። በዚያ ላይ ላቲኑን ለመምሰል ብቻ ቃል መምረጥ ለአማርኛ መሥራት አይደለም።

እኔ የምሟገትለት «ውል መሳት» ነው። ውል በልቃቂቱ ላይ የፈትሉ መነሻ ጫፍ ነው፤ እሱ ከተገኘ ድሩም ማጉም ይሄዳል። ነገሩ ሁሉ ሲምታታ «ውሉ የጠፋበት ልቃቂት» የምንለው ለዚህ ነው፤ ወግ ከመስመሩ ሲወጣም «ውሉን ሳተ» እንላለን። አንድ ነገር በትዝታ ሲመጣብንም «ውል አለኝ» እንላለን። ይህ ቃል ሰውየው ይለፍልፍ ዝም ይበል አይጠይቅም፤ ሁለቱንም ይይዛል። «ነውጠኛ ውል መሳት» እና «ዝምተኛ ውል መሳት» ብሎ መክፈልም ይቻላል። ከሁሉ በላይ ፈትሉ አልተበጠሰም ይላል። የጠፋ ውል ይፈለጋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይገኛል። «የመርሳት በሽታ» ከምንለው ዝግ ብሎ ከሚገፋ ሕመም የሚለየውም በዚህ ነው። ግሡ እንደ ልብ ይረባል፦ ውሏን ሳተች፣ ውላቸውን ስተዋል፣ ውሉ ተመለሰለት።

ውል የፍርድ ቤት ቃል ነው የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን የሕጉ ውል ይፈረማል፣ ይፈርሳል፣ ይታደሳል እንጂ ሰው «ውሉን ሳተ» አይባልበትም። ለሁለት ነገር የሚያገለግል ቃል ነውር የለበትም። ስኳር በቡናም ውስጥ በሕመምም ስም ውስጥ አለ፤ ማንም ተሳስቶ አያውቅም።

ቃሉ በተለይ የሚያስፈልገው በስደት ላሉ አረጋውያን ነው ብዬ አምናለሁ። በሜሪላንድ ወይም በቴል አቪቭ ሆስፒታል የተኙ እናት አእምሯቸውን ለመፈተሽ «ዓመቱ ስንት ነው?» ሲባሉ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ላይ «2017» ቢሉ ውላቸውን አልሳቱም፤ ዘመናቸውን በትክክል ቆጥረዋል። በዚያ አገር አቆጣጠር ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ሦስት ሰዓት ነው» ቢሉም እንደዚያው። የዓመቱን ወራት ወደ ኋላ ቁጠሩ ሲባሉ ከጳጉሜን ቢጀምሩ ንቃታቸውን ማድነቅ ነው። አስተርጓሚውም ሌላ አደጋ ያመጣል፦ የተበታተነውን ንግግር በደግነት እያስተካከለ ካስተላለፈ ሐኪሙ ምልክቱን አያየውም። «ውላቸውን የሳቱ ይመስላሉ፣ እንደተናገሩት ላስተላልፍ» የሚልበት የጋራ ቃል ይኑረው።

ከቀዶ ሕክምና በፊት ለቤተሰብ የሚነገረውም እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ፦ «አባታችሁ ከተሠራላቸው በኋላ ለጥቂት ቀናት ውላቸውን ሊስቱ ይችላሉ። እብደት አይደለም። ዝም ብለው ቢፈዙም ንገሩን፤ መነጽራቸውን አምጡ፣ ማታ ማታ አንዳችሁ አጠገባቸው ሁኑ።»