በመስከረም ምን ይሠራል?

መስከረም ሲጠባ ምን ይሠራል? ተብሎ ቢጠየቅ፣ የግቢያችን ተማሪ ሁሉ መልሱን በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል። ችቦ ይለኮሳል፣ ዶሮ ይበላል፣ አበባየሆሽ ይባላል፣ ደመራ ይታያል፣ ኢሬቻ ይወረዳል። አለቀ! መልሱ ሐሰት የለበትም። ግን ይህ የበዓላት ዝርዝር ነው እንጂ የሥራ ዝርዝር አይደለም። አያቶቻችን መስከረምን በድግሱ ብቻ አልነበረም የሚያውቁት፤ መሠራት ያለበት ነገር የሚሠራበት ወር ነበር። ያ ሥራ ምን ነበር? እኛ ዘንድ ሲደርስስ ምን ሆነ? እስቲ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች መካከል በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በኩል አድርገን እንየው።

ለምን እነዚህን? ቢሉ፣ ሦስቱም የመንገድ ከተሞች ናቸውና። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦና በነቀምት መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። የገፈርሳ ውኃ ከቡራዩ በኩል ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሱሉልታ ግን ከእንጦጦ ጀርባ ናትና ውኃዋ ፊቱን አዙሮ በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። ዛሬ በታክሲ ሽው የምንልበት ይህ አገር ድሮ በክረምት ምን ይመስል እንደ ነበር መገመት ለሚፈልግ፣ ሐምሌ ላይ የሱሉልታን ሜዳ ማየት ይበቃዋል፤ ውኃ የተኛበት ረግረግ ነው። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ሰኔ ግም ካለ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይቆረጣል። ሲራራ ነጋዴው ካለበት ይከርማል፤ ዘመቻ ይቆማል፤ ዘመድ ከዘመድ አይጠያየቅም፤ ሙግት ያለበትም ሰው ቀጠሮው ለበጋ ይተላለፋል።

መስከረም ማለት እንግዲህ ውኃው ጎድሎ ሰው የሚሻገርበት ወር ነው። የወሩም ዋና ሥራ ይኸው መሻገር ነበር፤ ከወዲያ ማዶ የከረመውን ሰው ሄዶ «እንዴት ከረምክ?» ማለት። ቋንቋችን ራሱ ይህን አልረሳውም። በእንቁጣጣሽ ማለዳ «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ» እንባባላለን፤ ዘመኑን እንደ ወንዝ ቆጥረን ማለት ነው። በኦሮሞም ዘንድ የክረምቱን ማብቃት ተከትሎ ሕዝቡ ዋቃን ለማመስገን ወደ ውኃ ዳር ሲወርድ በዓሉ «ኢሬቻ መልካ» ይባላል። መልካ ምንድን ነው? የወንዝ መሻገሪያ ነው። ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ወንዝ።

ታዲያ የሚሻገር ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ሣር ይይዛል። በዋዜማው ልጃገረዶች ወጥተው እንግጫ ይነቅላሉ፣ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው ከቤት ቤት ያዞሩታል፤ በየቤቱ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ኢሬቻ የሚወርደውም ሰው እርጥብ ሣርና አደይ ይዞ ነው፤ ከውኃው ነክሮ ይረጫል፣ ያመሰግናል። የሱሉልታ ገበሬ ደግሞ ይህንኑ ሣር በሌላ ዓይን ያየዋል። መስከረም ላይ ለምልሞ የቆመው ሜዳ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል፤ የአዲስ አበባ የወተት ላም የምትበላውም እሱን ነው። ሣር ማለት እንግዲህ «ከረምን፣ ተርፈናል፣ ለከብቱም ለሰውም አለ» የሚል ቃል ነው። ለአንድ ሰው ሣር ይዞ መሄድ ደግሞ ይህን ቃል እሱ ደጅ ማድረስ ነው።

ቤተ መንግሥቱም በበኩሉ መስከረምን ሳይጠቀምበት አላለፈም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ተሻሩ፤ ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሆኑ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአንዲት ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ። ከዚያ በኋላ መስከረም 2 የአብዮት በዓል ሆነ፤ መስቀል አደባባይም አብዮት አደባባይ ተባለ። መስከረም 1977 ዓ.ም. ላይ አሥረኛው ዓመት በታላቅ ሰልፍ ሲከበር፣ በወሎና በትግራይ ሕዝቡ በረኀብ ያልቅ ነበር። ሰው የሚሻገርበት ወር፣ ሰው ተሰልፎ የሚያጨበጭብበት ወር ሆነ ማለት ነው። የሩቁን ዘመድ ሄዶ መጠየቅ የመስከረም ሥራ መሆኑ ቢቀር እንኳ፣ ያን ዓመት ወሎን የሚጠይቅ በጠፋ ነበር?

ወደ ሦስቱ ከተሞች እንመለስ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ «የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን» የተባለው ዕቅድ በገበሬው መሬት ላይ ያመጣው ስጋት ኦሮሚያን አስነሣ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ተሰረዘ። ቁጣው ግን አልበረደም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ለኢሬቻ በወጣው ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ በግርግሩም ሰው ገደል ገብቶ፣ ተረጋግጦ አለቀ። መንግሥት ራሱ የሟቾቹን ቁጥር ከ50 በላይ አለ፤ ተቃዋሚዎች ከዚያ እጅግ ይበልጣል አሉ። ሣር ይዞ የወጣ ሰው ነበር እኮ! በዚያው ሳምንት ሰበታ አካባቢ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። መስከረም 25 ቀን ደግሞ የጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። ሐዲዱ የሚነሣው ከየት ነው? ከሰበታ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ አካባቢ ጭስም ሪባንም ታየ። ወሩ ሳያልቅም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ሁለት ዓመት አለፈ፤ የቡራዩ ተራ ደረሰ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከእንቁጣጣሽ ማግሥት ቄጠማው ሳይደርቅ፣ ቡራዩና አካባቢው ላይ የሰው ማንነት እየተለየ ጥቃት ደረሰ። በአሥር የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩት ቤታቸውን ጥለው አዲስ አበባ ገቡ፣ በየትምህርት ቤቱም ተጠለሉ። ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ሰዎች ነበሩ። ጋሞ ማለት በሽሮ ሜዳና በየሰፈሩ ሸማ የሚሠራልን፣ በእንቁጣጣሽ የምንለብሰውን ነጠላ ጥለት የሚያወጣ ሰው ነው። የዓመቱ ትልቅ በዓሉም መስቀል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ለመስቀል አገሩ የሚገባ ሕዝብ ነው። ያን ዓመት ለመስቀል ሬሳና መርዶ አገር ገባ።

አሁን ልብ ብላችሁ አንብቡ። መርዶው አርባ ምንጭ ሲደርስ የከተማው ወጣት በቁጣ ወጣ፤ በዚያ የሚኖረውን የኦሮሞ ተወላጅና ንብረቱን ሊበቀል ነው። የጋሞ ሽማግሌዎች መንገዱ ላይ ወጡና ፊት ለፊቱ ተንበረከኩ። በእጃቸው ዱላ አልነበረም፤ እርጥብ ሣር ነበር። በጋሞ ባሕል አባት ሣር ይዞ ከተንበረከከ እሱን አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቱ ቆመ። ተመለሰም።

ይህ ነገር ሲነገር «ሽማግሌ ሁልጊዜ ጥሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አይደለም። እነዚያ አባቶች ያደረጉት የመስከረምን ሥራ ነው። ልጆቻቸው ከተገደሉባቸው ሕዝብ ጎን ለመቆም ተሻገሩ፤ የያዙትም ሣር ቢሾፍቱ ላይ ሰው ይዞት የወደቀው፣ ቡራዩ ላይ በየቤቱ ተጎዝጉዞ የነበረው ሣር ነው። ሣሩ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጉሙን ሥራ ላይ ያዋለው ግን ልጆቹን ቀብሮ የመጣው ወገን ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢሬቻ ከረጅም ዘመን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ተከበረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጋር ተጠቃለው በሸገር ከተማ ሥር ገቡ። ስም ተቀየረ፣ ድንበር ተቀየረ። በአስተዳደር የተጠቃለለ ሰው ግን ተጠያየቀ ማለት አይደለም። አንድ ዶርም የሚተኙ የቡራዩ ልጅና የአርባ ምንጭ ልጅ ስለ 2011 መስከረም አንድ ቀን ሳይነጋገሩ አራት ዓመት ሊጨርሱ ይችላሉ። የኛ የተማሪዎች ወንዝ ይኼ ነው፤ ድልድይም የለውም።

እንግዲህ በመስከረም ምን ይሠራል? የምጽፈው ዝርዝር አጭር ነው። አንደኛ፣ በገዛ ቋንቋችን የምንለውን «እንኳን አደረሳችሁ» በሌላውም እንማር። በኦሮምኛ «በገ ነጋን ጌሰን»፣ በጋሞኛ «ዮ መስቀላ» ለማለት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልገባንበት የጓደኛ ቤት አለ፤ ቡራዩም ይሁን ሱሉልታ፣ ታክሲው ሩቅ አያደርሰንም፣ ሄደን እንብላ፣ እናቱንም እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የምናጠና ሰዎች ነንና፣ የ2009ንና የ2011ን መስከረም ያዩ ሰዎች ሳይረሱ፣ ሳይጨምሩም፣ የነገሩንን እንጻፍ። ያኔ ሕፃን የነበሩት የነዚህ ከተሞች ልጆች በጥቂት ዓመት ውስጥ እዚሁ ግቢ ይገባሉ፤ ምን እንደ ሆነ ይጠይቁናል።

ዶሮውም ይበላ፣ ችቦውም ይለኮስ። ሥራው ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።