ትእዛዝና ኀይል፦ የሞተርሳይክል ተጨማሪ መብራት አጭር ታሪክ

በሞተርሳይክል ላይ ተጨማሪ መብራት መግጠም ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው ከሁለት ሽቦና ከአንድ ማብሪያ የማያልፍ ቀላል ሥራ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ባለሙያ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ የምህንድስና ትግል በውስጡ ይዟል። ትግሉም በሦስት ነገሮች መካከል የሚካሄድ ነው፤ ይኸውም ነጂው በሚፈልገው ብርሃን፣ ሞተሩ ሊያመነጭ በሚችለው ኀይልና ሁለቱን በሚያገናኘው ሽቦ መካከል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ትግል ዋና ዋና ደረጃዎች ባጭሩ አቅርቦ፣ በኮምፒዩተር በሚመራ የዛሬ ሞተርሳይክል ላይ ለሚሠራ ባለሙያ የሚጠቅመውን ትምህርት ማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንወዳለን።

ከጋዝ ወደ ዲናሞ

በ20ኛው ምእተ ዓመት መባቻ በሞተርሳይክል ላይ ይታይ የነበረው መብራት በኤሌክትሪክ የሚሠራ አልነበረም። በትንሽ ዕቃ ውስጥ ካልሲየም ካርባይድ ተደርጎ ውሃ ጠብ ጠብ ሲልበት አሴቲሊን የተባለው ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙም በጎማ ቱቦ እስከ ፊት መብራቱ ድረስ ሄዶ በነጭ ነበልባል ይነድዳል። ነጂው በየጊዜው ዕቃውን ማጠብ፣ ካርባይድ መጨመርና በነፋስ የጠፋውን ነበልባል እንደገና መለኮስ ነበረበት። ይሁን እንጂ ይህ መብራት አንድ ትልቅ መልካም ጠባይ ነበረው፤ ከሞተሩ ምንም ዐይነት ኀይል አይበደርም ነበር።

የኤሌክትሪክ መብራት ሲመጣ ብድሩ ተጀመረ። በ1914 የአሜሪካው ኢንዲያን ኩባንያ ሄንዲ ስፔሻል የተባለውን ሞተርሳይክል በኤሌክትሪክ መብራትና በኤሌክትሪክ ማስነሻ አሟልቶ ለገበያ አቀረበ። ሐሳቡ ከጊዜው የቀደመ ነበር፤ ባትሪዎቹ ግን ጭነቱን ሊሸከሙ ባለመቻላቸው ሞዴሉ ብዙም ሳይቈይ ተተወ። በተከታዩ ዓመት በ1915 ሃርሊ ዴቪድሰን የኤሌክትሪክ መብራትን ብቻ ለይቶ አቀረበ፤ ይህም ጸንቶ ቈየ። ሁለቱን አጋጣሚዎች ጎን ለጎን ስናስተያያቸው የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጭነት ከመጨመሩ በፊት ምንጩ ይመዘናል።

በእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃሙ ሉካስ ኩባንያ ማግኔቶንና ዲናሞን በአንድ አካል አጣምሮ ማግዳይኖ የተባለውን መሣሪያ ሠራ። እነዚህ ዲናሞዎች በ6 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ከኋለኞቹ መካከል በሰፊው የታወቀው ዐይነት የሚያመነጨው 60 ዋት ብቻ ነበር። በጊዜው የተለመደው የፊት መብራት አምፑል በረጅሙ 30 ዋት፣ በአጭሩ 24 ዋት ይወስዳል። የኋላ መብራቱና የባትሪው መሙያ ሲታከሉበት ለሌላ መብራት የሚተርፈው ኀይል እጅግ ጥቂት እንደ ነበረ ማንም ሊያሰላው ይችላል።

የሽቦው ብክነት

በ6 ቮልት መሥራት ሌላም ችግር ነበረው። አንድን የኀይል መጠን በግማሽ ቮልቴጅ ለማስተላለፍ እጥፍ ኮረንቲ ያስፈልጋል፤ በሽቦው ውስጥ በሙቀት መልክ የሚባክነው ኀይል ደግሞ በኮረንቲው ካሬ ስለሚያድግ፣ ሽቦው ሳይለወጥ ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ወደ 12 ቮልት የተደረገው ሽግግር ከዚህ አንጻር ትልቅ እርምጃ ነበር። በ1953 ትራያምፍ በስፒድ ትዊን ሞዴሉ ላይ አልተርኔተር ተከለ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች 12 ቮልትን ከዜነር ዳዮድ ጋር ማዋል ጀመሩ። ዳዮዱ ከባትሪው ፍላጎት በላይ የሆነውን ኀይል ወደ ሙቀት እየለወጠ ያስወግድ ነበር። በ1969 ብቅ ያለው ሆንዳ ሲቢ 750 አልተርኔተርን፣ 12 ቮልትንና የኤሌክትሪክ ማስነሻን አንድ ላይ ይዞ በመምጣቱ ሄንዲ ስፔሻል ከ55 ዓመት በፊት የሞከረውን ሐሳብ ለብዙኀኑ አደረሰ።

ሆኖም 12 ቮልትም ቢሆን ከሽቦ ሕግ አያድንም። ሁለት የ55 ዋት ሃሎጅን መብራቶችን በምሳሌነት እንውሰድ። ሁለቱ በድምሩ ወደ 9.2 አምፔር ኮረንቲ ይወስዳሉ። መብራቶቹ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ ቢያያዙና የደርሶ መልሱ ርዝመት 4 ሜትር ቢሆን፣ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ 0.86 ቮልት ያህል ይሆናል። ይህ ከ12 ቮልት 7 በመቶ ብቻ ስለሆነ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የክር አምፑል ብርሃን ቮልቴጁ ከሚቀንስበት መጠን እጅግ ፈጥኖ ስለሚቀንስ፣ ጉድለቱ ከጠቅላላው ብርሃን አንድ አምስተኛውን ይበላል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢሠራ ግን የሚጠፋው ቮልቴጅ ወደ 0.26 ቮልት ይወርዳል። ብዙ ባለንብረት መብራቱ ደከመ ብሎ አምፑል ሲለውጥ፣ መለወጥ የነበረበት ሽቦው ነበር።

የሪሌ አገልግሎት

ወፍራም ሽቦ ማለፍ ያለበት በየት ነው? ከባትሪው ተነሥቶ በመሪው ላይ እስካለው ትንሽ ማብሪያ ሄዶ ከዚያ ወደ መብራቱ ቢመለስ መንገዱ ይረዝማል፤ የማብሪያውም ነጥብ በትልቅ ኮረንቲ ይቃጠላል። መልሱ የተገኘው ሞተርሳይክል ከመፈጠሩ በፊት ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሄንሪ በ1835 በደካማ ኮረንቲ የሚንቀሳቀስ ኤሌክትሮማግኔት የሌላውን ጠንካራ ዑደት በር እንዲከፍትና እንዲዘጋ አድርጎ አሳየ። ሪሌ የሚባለው መሣሪያ በመጀመሪያ ያገለገለው ለቴሌግራፍ ሲሆን፣ ቈይቶ ወደ ተሽከርካሪዎች ገባ።

የሪሌ ቁም ነገር ትእዛዝንና ኀይልን መለየቱ ነው። ከማብሪያው የሚመጣው ትእዛዝ 0.2 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሚፈልግ በቀጭን ሽቦ ሊጓዝ ይችላል፤ ኀይሉ ግን በአጭር መንገድና በወፍራም ሽቦ ከባትሪው ወደ መብራቱ በቀጥታ ይሄዳል። ዲን 72552 የተባለው የጀርመን ደረጃ ለሪሌ ጫፎች የሰጣቸው ቁጥሮች ዛሬ በየአገሩ ጋራዥ ይታወቃሉ። ቁጥር 30 ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ የሚመጣው፣ ቁጥር 87 ወደ መብራቱ የሚሄደው፣ 85ና 86 ደግሞ የጥቅሉ ሁለት ጫፎች ናቸው። ፊውዙ በተቻለ መጠን ከባትሪው አጠገብ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑሉን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ከፊውዙ በፊት ያለ ሽቦ ተልጦ የሞተርሳይክሉን ብረት ቢነካ ከእሳት የሚያድነው ነገር የለም።

ለማየትና ለመታየት

ለዚህ ሁሉ ድካም ምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ መልሱ ከሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። በ1981 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሃሪ ኸርት መሪነት የቀረበው ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተርሳይክል አደጋዎችን በየቦታው ተገኝቶ መርምሯል። ሞተርሳይክል ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ውስጥ በሁለት ሦስተኛው ገደማ ቅድሚያ የከለከለው ሌላው ተሽከርካሪ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያትም ሞተርሳይክሉን አለማየት ወይም ዘግይቶ ማየት ነበር። ስለዚህ መብራት መንገድን ለማየት ብቻ ሳይሆን በሌሎች ዘንድ ለመታየትም ያስፈልጋል። ከፊት መብራቱ በታች ግራና ቀኝ የሚተከሉ ሁለት መብራቶች ከእርሱ ጋር የሦስት ማእዘን ቅርጽ ስለሚሠሩ፣ የሚመጣው ሞተርሳይክል መሆኑን ለመለየት ይረዳሉ። ነገር ግን መብራቱ ያለ ቅጥ ወደ ላይ ከተቃና ፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር ዐይን አጥፍቶ ሌላ አደጋ ይወልዳል።

የመልእክት ሽቦ ዘመን

በ1986 ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ካን የተሰኘውን የመገናኛ ሥርዐት በዲትሮይት ለሕዝብ አቀረበ። በዚህ ሥርዐት የተሽከርካሪው ኤሌክትሮኒክ ክፍሎች በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች መልእክት ይለዋወጣሉ። በ2004 ቢኤምደብልዩ አር 1200 ጂኤስ የተባለውን የረጅም ጉዞ ሞተርሳይክል በዚህ ሥርዐት አቀረበ፤ በብዙው ቦታ የተለመደው ፊውዝም ቀርቶ፣ መቈጣጠሪያው ራሱ የየዑደቱን ኮረንቲ እየለካ ከመጠን ያለፈውን የሚያቋርጥ ሆነ።

ይህ ለውጥ የአሮጌውን ዘዴ መንገድ ዘጋ። ቀደም ሲል ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ቀጥሎ ተጨማሪ መብራት ማብራት ይቻል ነበር። አሁን ግን መቈጣጠሪያው ያልጠበቀውን ጭነት እንደ ብልሽት ቈጥሮ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ አልፎ ተርፎም ዑደቱን ያጠፋዋል። መፍትሔው የሄንሪ አሮጌ ትምህርት ነው። ኀይሉ ከባትሪው በራሱ ፊውዝና በራሱ ሪሌ ይወሰዳል፤ ከሞተርሳይክሉ የሚፈለገው ትእዛዝ ብቻ ነው። ትእዛዙም ቁልፍ ሲከፈት ኮረንቲ ከሚያገኝና አምራቹ ለተጨማሪ ዕቃ ካዘጋጀው መሰኪያ፣ ወይም የካንን መልእክት ከሚያነብ መሣሪያ ሊገኝ ይችላል። በሺሕ ትርታ እየተቈራረጠ ከሚሠራ የመብራት ሽቦ ላይ ትእዛዝ መውሰድ ግን ሪሌውን ያንቀጠቅጠዋል።

በሌላ በኩል ኤል.ኢ.ዲ. መብራት ሸክሙን አቅልሎታል። ሁለት የ20 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች የሚወስዱት 3.3 አምፔር ገደማ ሲሆን፣ ይህ ከሃሎጅኖቹ ኮረንቲ ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ነው። ቢሆንም የአልተርኔተር መጠን የሚነገረው ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚመነጨው ኀይል ያነሰ በመሆኑ፣ ጭነቱን ሳያሰላ መብራት የጨመረ ሰው ባትሪውን ቀስ በቀስ ይጨርሳል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚተርፈው ቁም ነገር ሁለት ነው። ተጨማሪ ዕቃ የሚገጥም ባለሙያ አስቀድሞ ምንጩን ይመዝን፣ ሽቦውን ያስላ፣ ትእዛዝን ከኀይል ይለይ። አዲስ መሣሪያ የሚነድፍ መሐንዲስ ደግሞ ባለንብረቱ ነገ የሚጨምረው ነገር እንደሚኖር ዐውቆ፣ በግልጽ የተመለከተና መጠኑ የተጻፈ መሰኪያ ይተውለት። በሩ ሲዘጋበት ሰው ግድግዳ መቅደዱ አይቀርም፤ በተቀደደውም ግድግዳ በኩል የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ እሳት ነው።