ገበሬውን ያሳየው ብዙ ነው፤ ያናገረው ማን ነው?

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የወሎን ረሀብ የሚያሳይ ፊልም አቀረበ። ፊልሙ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀውና ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ አገር የታየ ነበር። ደርግ ግን እንዳለ አላሳየውም፤ በረሀብ የሚያጣጥሩ ሕፃናትን ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ጋር እያፈራረቀ ቆርጦ ቀጠለው። በማግሥቱ የሆነው ይታወቃል። ከሳሹም ተከሳሹም አዲስ አበባ ነበሩ፤ የወሎ ገበሬ የቀረበው በማስረጃነት ብቻ ነው።

ይኸው ደርግ በመስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛውን የአብዮት በዓል በታላቅ ወጪ ሲያከብር ሌላውን ረሀብ ለመሸፈን ደከመ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የኬንያዊው የመሐመድ አሚን ካሜራ የኮረምን መጠለያ ለዓለም ገለጠው። መሐመድ አሚን የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት እንዲተርፍ ምክንያት ሆኗልና ውለታው አይካድም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያዊ ገበሬ በባዕድ ዓይን ስም የለሽና ድምፅ የለሽ ምስል ሆኖ ቀረ። እኛ በስደት የምንኖረውም ይህን ምስል በየሥራ ቦታችን ስንመልስ ኖረናል።

አንድ ኢትዮጵያዊ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ መንገድ ጀምሮ ነበር። በጎንደር የተወለደውና በሎስ አንጀለስ ሲኒማ ያጠናው ኃይሌ ገሪማ፣ አብዮቱ በፈነዳበት እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ አገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጸ። የቀረጻው ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ተዋንያኑ ሙያተኞች አልነበሩም፤ ቋንቋው አማርኛ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚወስደው ይህ ሥራ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብን ኑሮ ይከተላል፦ ንጋት፣ ጸሎት፣ ጥማድ፣ ከብት ጥበቃ፣ በደጃፉ ተቀምጦ የሚጮህ ባላባት። የቤቱ ልጅ ላም ለማዳን ስትል በጎርፍ ትወሰዳለች። መሬቱን የተነጠቀውና ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ከበበ ደግሞ ማንም የማይደፍረውን እውነት ይናገራል፤ በመጨረሻም ባላባቱን ይገድላል።

ፊልሙ ዝግ ያለ ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ተመልካች ይሰለቻል። ባላባቱም ከሰውነት ይልቅ ወደ ምልክትነት ያደላል። ነገር ግን ካሜራው ገበሬውን ከላይ ሆኖ አያይም፤ አብሮት ያርሳል፣ አብሮት ይደክማል። ገበሬው ያልማል፣ ይጠይቃል፣ ይቆጣል። የርዳታ ለማኝ አይደለም።

ፊልሙ ለዕይታ ሳይበቃ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ መሬቱ ግን ከባላባት እጅ ወጥቶ በመንግሥት እጅ ገባ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደነገገ። በኢሕአዴግ ዘመን «ገበሬ» የሚለው ስም በዜና ማሰራጫዎች «አርሶ አደር» ተባለ፤ ሞዴል ተብሎ በቴሌቪዥን ሲሸለም አየነው። አሁንም ሌላው የጻፈለትን ሲናገር እንጂ የራሱን ሲጠይቅ አይደለም። (ስም በመለወጥ ማን ይወዳደረናል!)

ኃይሌ ገሪማም ቢሆን አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። ስለ ባሪያ ንግድ የሠራውን «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ በአሜሪካ አከፋፋይ ስላጣ ቲያትር ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ጤዛ» በቬኒስ፣ በማግሥቱም ዓመት በዋጋዱጉ ተሸለመ። የዚህ ፊልም ባለታሪክ አንበርብር በጀርመን ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ፣ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰ ምሁር ነው። በ1966ቱ ዘመን ስለ ገበሬው ሲከራከር የነበረው ትውልድ በዚህ ፊልም በገበሬዋ እናቱ ቤት ተቀምጦ፣ ልጆች ለጦርነት ሲታፈሱ ያያል። የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የሚያወሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው።