ያቺ «ኢ»

እንስሳት ደንደሴና ኢደንደሴ ተብለው ይከፈላሉ ተብለን ስንማር፣ ያቺን «ኢ» ማን እንዳመጣት የጠየቀ ከመካከላችን አለ? እኔ በበኩሌ አልጠየቅሁም፤ ሸምድጄ ፈተናውን አለፍኩ። ነገሩ ግን ታሪክ አለው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት አሪስቶትል እንስሳትን ደም ያላቸውና ደም የሌላቸው ብሎ ለየ። ደም ሲል ቀዩን ማለቱ ነው። ደም ያላቸው ሁሉ አከርካሪ እንዳላቸውም ጽፏል። ታዲያ የምድር ትል ደሙ ቀይ ነው፤ አከርካሪ ግን የለውም። መለኪያው እዚህ ላይ ይሰበራል።

ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባወጣው የመጽሐፉ 10ኛ እትም እንስሳትን በስድስት መደብ ደለደለ። አራቱን አከርካሪ ላላቸው ሰጠ፤ የቀረውን ፍጥረት ሁሉ «ነፍሳት» እና «ትሎች» ብሎ በሁለት ከረጢት አጨቀው። ቀንድ አውጣውም ኮከብ ዓሣውም «ትል» ሆኑ!

እ.ኤ.አ. በ1793፣ በፈረንሳይ አብዮት መካከል፣ የፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሲቋቋም እነዚያ ሁለት ከረጢቶች ለላማርክ ደረሱ። ላማርክ የታወቀው በዕፀዋት ነበር፤ ዕድሜውም ሃምሳ ሊደፍን ነው። ቢሆንም ተቀመጠና አንድ በአንድ ፈታቸው፤ ሸርጣኑን ከነፍሳት ለየ፣ ሸረሪቱንም ለብቻው አቆመ። በ1801 «አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት» የሚለውን ስም በመጽሐፉ ርዕስ ላይ አኖረ። ከ1815 እስከ 1822 በሰባት ቅጽ አስፋፋው፤ ዓይኑ በጠፋ ጊዜ ልጁ የሚነግራትን ጻፈችለት። በ1829 ደኽይቶ ሞተ።

በ1866 ደግሞ ሩሲያዊው ኮቫሌቭስኪ አንድ ነገር አሳየ። አሲዲያን የሚባል፣ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ከረጢት መሳይ እንስሳ አለ። በጨቅላነቱ ግን ጅራት አለው፤ በጅራቱም ውስጥ የእኛ አከርካሪ በፅንስ ጊዜ የሚጀምርበት ዘንግ ይገኛል። አጥሩ ተነቃነቀ ማለት ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው ደንደሴዎች የአንድ ዘር ቅርንጫፍ ናቸው፤ ኢደንደሴ የሚባል ዘር ግን የለም። ኮከብ ዓሣ እኮ ከንብ ይልቅ ለእኛ ትቀርባለች!

እንግዲህ ከመቶ እንስሳት ዓይነት ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑት የተጠሩት በሌላቸው ነገር ነው፤ ስም አውጪው ባለ አከርካሪው ነዋ። ላማርክ የለፋው ከዚያ ስም በስተጀርባ ያለውን ለማየት ነበር። እኛስ? ገበሬውን «ያልተማረ» ብለን ስንጠራው የጎደለውን እንጂ የሚያውቀውን መቼ ተናገርን? ያቺ «ኢ» ከባዮሎጂ ደብተር ውጭም አለች፤ ከአፋችን ስትወጣ እንስማት።